የቁጠባ ቤቱ ቀይ ድንጋዮች

ጥር 14፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

ዛሬም ድንጋይ የለም። ከጧት ጀምሮ ስልክ ላይ ነኝ። የድንጋይ ካባው ባለቤት መንገዱ አልተከፈተም ይላል። ቢከፈትም ቀዩ አልቋል፣ ያለኝ ጥቁር ነው ይላል። ጥቁር አልፈልግም። ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ የዚህን ቤት ፊት በጥቁር ድንጋይ ከምገነባ ምህንድስናውን ትቼ ሽሮ ብሸጥ ይሻለኛል።

ሌላው ሁሉ አልቋል። ጣሪያው፣ የእንጨት ሰገነቱ፣ የውስጡ ልስን። የቀረው ፊቱ ነው። ባለፈው ክረምት የተደረመሰው እሱ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሽማግሌ ሁሉ «ቁጠባ ቤት» ሲል የሚታየውም እሱ ነው። ከድሮ ፎቶ ላይ አጉልቼ አጉልቼ ነድፌዋለሁ። ቅስት በር። ሁለት ዝቅ ያሉ መስኮቶች። ከመስኮቶቹ ሥር፣ በግንቡ ርዝመት የሚሄድ፣ ወገብ ላይ የሚደርስ ወጣ ያለ ድንጋይ። ማሳረፊያ ይሉታል። ከገጠር ወደ ገበያ የመጣ ሰው ሸክሙን ከጀርባው ሳይፈታ እዚያ ላይ አሳርፎ፣ የሚያስቀምጠውን በመስኮቱ እንዲያቀብል ተብሎ የተሠራ ነው። ማን እንደነደፈው የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ ያን ያህል ዓመት ስማር እንዲህ የሚያስብ አስተማሪ አልገጠመኝም። መጀመሪያ ሳየው ቀናሁ።

ከሰዓት ሐጂ ሰይድ መጡ። የቁጠባ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። አባታቸው ቤቱን ካሠሩት የከተማው ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። ቤቱ የእህል መጋዘን ሲሆን፣ ከዚያ ቀበሌ ሲሆን፣ ከዚያ የርግብ ማደሪያ ሲሆን ሁሉንም አይተዋል። አሁን ማኅበሩ ከፋሲካ በኋላ መልሶ ሊገባበት ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ባዶውን ቦታ ሲያዩ ቆዩና፣ ፊቱን ሳላይ አልሞትም አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን ሌሊቱን የሚያስተኛኝ አይመስለኝም።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ቁይ

እማዬን ልጠይቅ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከበግ ጋር። ጉልበቷ ብሶበታል፤ አልነገረችኝም፣ ስትቀመጥ አየሁ። ጧት ሚካኤል አብሬያት ሄድኩ። ክርስትና የተነሣሁበት ቤ/ክ ነው፤ አሁን በብሎኬት አዲስ ተሠርቷል፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ስለ ቀለሙ ዝም ብል ይሻላል።

ቅዳሴ ላይ ነበርኩ ልበል? እግሬ ነበር። ዓይኔ ከጓሮው ነበር። ደብተሬ፣ ቀይ! ሣርና እሾህ የዋጠው የቀይ ድንጋይ ክምር! የእኔ ቀይ፣ የፎቶው ቀይ፣ ከታች ከወንዙ የሚወጣው! ልቤ እንደ ሌባ ልብ መታ።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ወጣት ነው፣ መምህር፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ክምሩ እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረ ነው አለኝ። ለቤ/ክ ግንባታ ተብሎ ነበር፣ ኋላ ብሎኬት ተመረጠ፤ አሁን ለሰንበት ት/ቤት አዳራሽ የታሰበውን ቦታ ይዞብናል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሰጣችሁን ውሰዱት አለ። ተጨባበጥን። ከቡና መጠጫ ጊዜ ያነሰ ነው የወሰደው።

እማዬ በዚያን ሰዓት የቤ/ክኑን በር እየሳመች ነበር። ልነግራት አሰብኩ። ከዚያ ረሳሁት። እንግዲህ ረሳሁት ነው የምለው።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ድንጋዩን የሚያመጣው ሲኖ ትራክ ገባ። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ክምሩን ጠረገው። እኩል አይደሉም፤ አንዱ የዳቦ ያህል፣ አንዱ እንስራ። የካባ ድንጋይ እንዲህ አይደለም። ግድ የለም፣ ይጠረባል።

ጋሼ አንለይ፣ የግንበኞቹ አለቃ፣ የጉንደ ወይን ሰው፣ አንዱን አገላብጦ መስቀል ተጭሮበታል አለኝ። ትንሽ፣ በጥፍር የተጫረ የሚመስል። ሌላም አገኘ። ሌላም። ቤቱ የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፣ ምልክት ያለበትን ወደ ውስጥ አዙሩት አልኩ። ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። ከቁይ አልኩት። አየኝና፣ መቼም የአገሩ ልጅ አንቺ ነሽ ብሎ መዶሻውን አነሣ።

ትልልቆቹን ሰነጠቅናቸው። ፍርፋሪው የገንዘብ ከፋዩ ክፍል ወለል ሥር ተሞላ። ምንም አልባከነም። በራሴ ኮራሁ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ፊቱ ቆመ! በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው አንቺ ብታዪው። አላፊ አግዳሚው ይቆማል። አንዲት የጥራጥሬ ነጋዴ ማሳረፊያው ላይ ዘንቢሏን አስቀምጣ ሸቀጧን መቸርቸር ጀምራለች፤ ጥበቃው ሊያባርራት ሲል ከለከልኩት። ቤቱ ለዚህ ነው የተሠራው።

ከቅስቱ አናት ያለችውን ድንጋይ እኔው መረጥኳት። ደም የመሰለች፣ ልስልስ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዷ አንቺ የተወለድሽው ለዚህ ነው ብላ መለሰችልኝ። አምስት ጊዜ አነበብኩት፣ ምን ላድርግ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የማኅበሩ ቦርድ ጎበኘ። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ሐጂ ግንቡን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ወደ ሌላ ዞርኩላቸው።

ከዚያ አንዱ የቦርድ አባል ድንጋዩ ከየት ተገኘ አለ። ቀላል ጥያቄ። ክፋት የለበትም። ከካባው አልኩ። መንገዱ ሲከፈት አስመጣሁት አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? ማንም አላስፈራራኝም። ከቤ/ክ ጓሮ ቢባል ጥያቄ ይከተላል ብዬ ነው። ጥያቄ ይከተላል ብዬ ካሰብኩ ደግሞ አንድ ነገር አውቅ ነበር ማለት ነው። ጋሼ አንለይ እዚያው ቆሞ ነበር። ሰምቷል። የግንበኛ ማንኪያውን ሲያጥብ ቆየ፣ ንጹሕ ማንኪያ።

የካቲት 9፣ እሑድ

እማዬ መጣች፤ ነገ ለዓይኗ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ከመነኻሪያ በቀጥታ የሠራሽውን ቤት አሳዪኝ አለች። ለመንገድ ነጠላዋን አጥባ ነበር።

አሳየኋት። በሩን፣ ሰገነቱን። ግሩም ነው፣ ግሩም ነው ትላለች። ከዚያ ደከማትና ጀርባዋን ለማሳረፊያው ሰጥታ ተደገፈች። እፎይ አለች። ይህን ያሰበ ሰው ነፍሱን ይማር አለች። እጇ ድንጋዩን ይዳብስ ነበር። ጥግ ላይ፣ ጋሼ አንለይ ያላየው ወይም ያለፈው አንድ መስቀል አለ። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

ብድግ አለች። እንደ ተቃጠለ ሰው። ዞራ ግንቡን ከታች እስከ ላይ አየችው፣ በዚያ በደከመ ዓይኗ።

«ከየት አመጣሽው?»

ከእኛ ሚካኤል አልኳት። ዝም ብሎ የተከመረ ነበር አልኳት።

«ዝም ብሎ?»

ማታ እህል አልቀመሰችም። አሁን አልጋዬ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታለች። አልተኛችም፣ አውቃለሁ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ያን ድንጋይ ማን ያመጣው ይመስልሻል አለች። ለግንባታው ምእመኑ ያዋጣው ነዋ አልኩ። ልጅ ሆኜ ሰው ከወንዙ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አይ ነበር፤ ስጦታ ነበር የሚመስለኝ።

«ስጦታ አይደለም፣ ልጄ። ንስሐ ነው። ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ እሳቸው ደግሞ ከወንዝ ድንጋይ አውጥተህ ለሚካኤል አድርስ ይላሉ። አንዱ በሐሰት ምሏል። አንዱ የወንድሙን ድንበር ገፍቷል። ጎህ ሳይቀድ ተሸክመን እንወጣለን፣ ማን ምን እንዳጠፋ ማንም አይጠይቅም። ደጁ ላይ አውርደን መስቀል እንጭርበታለን፤ ቀና ስንል ቀለል ይለናል። ድንጋዩ እዚያው ይኖራላ።»

ቀና ስንል አለች። ስንል። ደብተሬ፣ እናቴም ተሸክማለች።

ተቆጣሁ። አዎ፣ እኔ ተቆጣሁ! ታዲያ ለምን በብሎኬት ሠሩ፣ ለምን እሾህ አበቀሉበት፣ ሊቀ መንበሩ ፈቅዶልኛል፣ ንስሐ ከተፈጸመ ተፈጸመ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው። እንደ ሪፖርት አቀረብኩላት። የተሰለፈው ሰው ዞሮ አየን። እማዬ ሁሉንም ሰማችና፣ እኔ ከሚካኤል ደጅ አስቀመጥኩ፣ አንቺ አነሣሽው አለች። ስሟ ተጠራ፣ ገባች።

ስትወጣ ልጠይቃት የፈለግሁት ዓይኗን አልነበረም። ያንቺስ ጥፋት ምን ነበር ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ በዚያ አፈርኩ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

እማዬ ማክሰኞ አገሯ ገባች። እኔ ሥራ ላይ። በር ይገጠማል፣ መስታወት ይገባል። ፊቱን ላለማየት በጓሮ በር እገባለሁ። ሠራተኞቹ ምን ሆነች ይላሉ መቼም። ራሴን እንዲህ አጽናናዋለሁ፦ ታሪካዊ ቤት አድነሻል፤ እሾህ ውስጥ የበሰበሰውን ወደ ክብር አምጥተሻል። እስከ ምሳ ሰዓት ይሠራል። ከምሳ በኋላ አይሠራም።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ያ በሬ ግን ቢያንስ አላውቅም ነበር ማለት ይችላል። እኔ መስቀሉን ወደ ውስጥ አዙሩት ብያለሁ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። የአጎቴ ልጅ ከቁይ ደወለ። እናትሽን ምከሪልን አለ። ምን ሆነች? ድንጋይ ትሸከማለች።

ድጋሚ ልጻፈው። እማዬ፣ በዚያ ጉልበት፣ ከወንዙ ድንጋይ እያወጣች ሚካኤል ታደርሳለች። ንስሐዬ ፈርሷል፣ እንደገና ልክፈል ብላለች አሉ። እሷ ብቻ አይደለችም። ሲኖው ሲጭን ያዩት ሰዎች ለሌላ ቤ/ክ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ለቤ/ክ እንዳልሆነ ሲሰሙ ሌሎችም ሽማግሎች ገመዳቸውን አውርደዋል። ሊቀ መንበሩን ሰው እየሰደበው ነው፤ ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያስተምረው አለ።

ማን እንደወሰደው አያውቁም? አልኩ። እናትሽ ገበያ ላይ ግንብ ሆኖ አየሁት አለች እንጂ የማን ሥራ እንደሆነ አልተናገረችም፣ ሊቀ መንበሩም ስም አልጠራም አለኝ። የአጎቴ ልጅም አያውቅም። ለወሰድኩት ለእኔው እየነገረኝ ነበር።

ሸፈነችኝ። ስልኩን ዘግቼ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ፣ ቁይ

አየኋት።

ዳገቱ ግማሽ ላይ። ገመዱ ደረቷ ላይ፣ ድንጋዩ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ጀርባዋ ላይ። የመንገዱን ዳር ግርድፍ ቋጥኝ ተደግፋ ሳትፈታው ታሳርፍ ነበር። ልክ ማሳረፊያው ላይ እንደሚደረገው። ያ የነደፈው ሰው ይህን አይቶ ነበር የነደፈው፤ እኔ ፎቶ አይቼ።

ሮጥኩ። ላወርድላት ገመዱን ያዝኩ። እጄን አነሣችው፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን እጅ።

«ይሄ የእኔ ነው። አንቺ የራስሽን ተሸከሚ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት እንዴት ደስ ባለኝ። ከኋላዋ ከኋላዋ ባዶ እጄን ወጣሁ። ያገኘን ሁሉ፣ ልጅሽ መጣችልሽ፣ ታድለሽ ይላታል። እሷም አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

የካቲት 23፣ እሑድ፣ ቁይ

አባ ሞገስን አገኘኋቸው። የእማዬ ንስሐ አባት ናቸው፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሙሉውን ተናገርኩ። ያለቀሰ ሰው ይመስል አፍንጫዬ ይፈስ ነበር፣ አልቅሼ ይሆናል።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። የተፈታ ተፈቷል፣ ለእናትሽም ይህንኑ ነግሬያታለሁ፣ እሺ አባ ብላኝ ወደ ወንዝ ወረደች አሉ። ድንጋዩን በሲኖ አምጥቼ ብመልሰውስ አልኳቸው። ሳቁ።

«እንኪያስ ንስሐ የገባው ሲኖው ነው በያ! ስሚ ልጄ፣ ሚካኤል ድንጋይ አልቸገረውም፣ ብሎኬት አለው። እናትሽ ናት የቸገራት። አንቺስ? መቼ ነው የተናዘዝሽው?»

መልሴን አልጠበቁም። ልብስሽን አራግፊ፣ አፈር ይዟል ብለው ተነሡ።

ወደ ሊቀ መንበሩም ሄድኩ። ስድቡ የእኔ ነው፣ ለሰው እነግርልሃለሁ አልኩት። እኔም አልጠየቅሁም አለ። ሁለታችንም የተማርን ነን፤ አንድ ሽማግሌ መጠየቅ አቃተን። ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ ወጣኝ። ማንም አልሰደበኝም። አንዲት አሮጊት እናትሽን ቀና አድርጊያት ብለውኝ አለፉ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይኸው ልለቅም ሐጂ ቤት ሄድኩ። የእኛ ጾምና የእነሱ ጾም ዘንድሮ ገጥሟል፤ ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ተያየን። ልጆቻቸውን ከክፍሉ አስወጡልኝ። ድንጋዩን ነገርኳቸው። መስቀሉን ወደ ውስጥ ማዞሬን። ቦርዱ ፊት መዋሸቴን። ይህኛው ከሁሉ ከበደኝ፤ ያን ቀን ግንቡን ሲዳስሱ ስለነበር።

መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። እኔ ምን ይመስለኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ? በሽምግልና ይጨርሱታል፣ ለቤ/ክኑ አንድ ነገር እንሰጣለን፣ ፊቱም ይተርፋል። በልቤ እዚያ ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ልናዘዝም፣ ግንቤንም ላተርፍ!

«አባቶቻችን ያን ቤት ሲሠሩ ከእኛ ወገን ያልሆነም፣ ማንበብ የማይችልም ያለውን አምጥቶ ይሰጠን ነበር። በምን አምኖ? አደራ አይበሉም ብሎ ነው። እኛ ዘንድ አማና ይባላል። ይሄ ድንጋይ አማና ነው፣ ልጄ። ሰው ለጌታው ያስቀመጠው። እሱን ግድግዳችን ውስጥ ከተን፣ ኑ ያላችሁን አደራ ስጡን ልንል ነው?»

መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሡ።

«እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ። በቃኝ። አፍርሺው።»

ሲሸኙኝ በር ድረስ መጡ፣ በከዘራ። ተመለሱ ብላቸው እምቢ አሉ። አስፋልቱ ላይ ደርሼ ዞር ስል አሁንም በሩ ላይ ነበሩ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ቦርድ። ቆሜ ተናገርኩ። ያ ድንጋዩ ከየት ተገኘ ያለው ሰው እጁን አጣምሮ ሰማኝ። መጀመሪያ የጮኸው እሱ ነው፤ ተባረሪ አለ፣ መብቱ ነው። ሌላው ምርቃቱ ይራዘማል፣ ገበሬው ምን ይለናል አለ። ሐጂ አሁን ገበሬው የሚለውን ሂዱና ስሙ አሏቸው። ረቡዕ ገበያ ከቁይ በኩል የመጡ ሰዎች ከግንቡ ፊት ለፊት ቆመው፣ በመንገዱ ማዶ፣ አይጠጉም ነበር። እኔም አይቻለሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር የቆሙት፣ እንደ ቤ/ክ።

ተወሰነ። ፊቱ ይፈርሳል። ጥቁሩ ድንጋይ ይመጣል፣ ኪሳራው ከእኔ ክፍያ። ከሥራው ግን አልተባረርኩም፤ ያበላሸች ትጨርሰው አሉ ሐጂ።

ጥቁር ድንጋይ። ይሁን። ሽሮ አልሸጥም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ከጧት ጀምሮ አፈረስን። በመዶሻ ሳይሆን በድጅኖ፣ አንድ በአንድ፣ እንዳይሰበር። ወደ ውስጥ የዞሩት መስቀሎች ወጡ። ሲሚንቶ በልቷቸዋል። ጋሼ አንለይ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል። ከቦርዱ ጉብኝት ወዲህ ስለ ድንጋዩ አንድም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ዛሬ ግን፣ ያን ቀን አጥብቄ ብጠይቅሽ ኖሮ አለ። የአንተ ጥፋት አይደለም አልኩት። የእኔም ነው እንጂ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የከፋዩን ክፍል ወለል ቆፈርነው። ፍርፋሪውን በከረጢት ሰበሰብን። የተሰነጠቁትን ማን ከማን ይለያል? ጎን ለጎን ገጥሜ ገጥሜ ተውኩት። ይህን የሚመልስ ነገር የለም። ይህ እንዲሁ ይኖራል፣ ከእኔ ጋር።

ገበያተኛው ከቦ ያያል። አንድ ሽማግሌ ከሰው መሐል ወጡ፣ ቁጭ ብለው ክምሩን አገላበጡ፣ አንዱን መረጡ። የእሳቸው ይሁን አይሁን ማን ያውቃል፣ ማንም አልጠየቀም። ገመድ አወጡ፣ ተሸከሙት። ያልፈረሰው ማሳረፊያው ብቻ ነበር፤ ሄደው እዚያ ላይ አሳረፉት፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ መነኻሪያ። የሚኒባሱ ረዳት ለድንጋይ ይከፈላል ሲላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ገቡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ማሳረፊያውን የመጨረሻ አደረግነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ፣ ጧት 12 ሰ.፣ ቁይ፣ ወንዙ ዳር

ሲኖው እስከዚህ ብቻ ነው የመጣው። አባ ሞገስም እማዬም ከዚህ በላይ አይሆንም አሉ። ከወንዝ የወጣ ከወንዝ ይጀምር። ሹፌሩ ገልብጦ ሄደ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል በሚል ዓይን። ከረጢቱንም አውርጃለሁ፣ ፍርፋሪውን።

እማዬ ወርዳ መጣች። ያቺን የቅስቱን አናት፣ ደም የመሰለችዋን፣ ለራሴ ለይቻለሁ። መጀመሪያ እሷን። ገመዱን ደረት ላይ እንጂ ትከሻ ላይ አታድርጊ፣ ይቆርጥሻል አለችኝና ራሷ አሰረችልኝ። እኔ ብቻ ልሸከም፣ አንቺ ተቀመጪ አልኳት። እንተያያለን አለች። ግን ተቀመጠች። ክምሩ ላይ አይደለም፣ ፈንጠር ብላ ሣሩ ላይ። እግሯን ዘረጋች።

ክምሩን ታየዋለች። የእሷ እዚህ ውስጥ ነው፣ ወይም ከረጢቱ ውስጥ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አልጠይቃትም። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ሚካኤል አወጣቸዋለሁ፣ እስከ ክረምት ቢፈጅም፣ ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ፣ እሷ አንድም ሳትነካ።

ፀሐይ ሳይበረታ ተነሽ እያለችኝ ነው።